ሸክላ የማይገባበት ቤት

ሀና ማርያም ከታክሲ ወርጄ፣ ጎማ ከሚጠግኑት ልጆች አጠገብ ያለውን የቆርቆሮ በር ገፋ ሳደርግ የጭቃ ሽታ ተቀበለኝ። የክረምት ጭቃ ሽታ አይደለም፤ ያንንማ ጀሞ መንገዱ ሳይሠራ ስንቱን ዓመት ጫማችን ላይ ይዘነው ገብተናል። ይሄኛው የተነከረ፣ የታሸ፣ ላስቲክ ለብሶ የከረመ የሸክላ ጭቃ ሽታ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ ከፋብሪካ ሲመለስ ኮቱ ላይ ይዞት የሚገባው ሽታ። እግሬ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆመ። የወንድሜ ልጅ ሊያ፣ እጇ እስከ ክርኗ ነጭ ሆኖ፣ «አክስቴ፣ ግቢ እንጂ፤ መንገዱ አደከመሽ እንዴ?» አለችኝ። እኔን የሚያደክመኝ መንገድ ሳይሆን የኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ዕጣ ያወጡልኝ ሰዎች ጉልበቴን አላማከሩትም። «ሽታው ነው» አልኳት። «ይሸታል? እኔ ለምጄው አይታወቀኝም» አለችና ወንበር ላይ የተከመረውን አሮጌ ጋዜጣ አንስታ አስቀመጠችኝ።

ሊያ የታናሽ ወንድሜ የማርዮ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ከፋሲካ በኋላ ዳዊት የሚባል ልጅ ታገባለች። ሥነ ጥበብ ተምራ ስትመረቅ አባቷ ቢሮ ትገባለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ይህን ጋራዥ የነበረ ቤት ተከራይታ የኤሌክትሪክ እቶን አስገባችበት። መብራት በጠፋ ቁጥር ግማሽ የተቃጠለ ዕቃ ታቅፋ ትተክዛለች። አሁን ኤግዚቢሽን ልታሳይ ነው፤ ጉዳዩም እኛ ነን። ክልስ ስለመሆን፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ደም። ረጅም ጠረጴዛ አዘጋጅታ፣ መካኒሳ አቦ የነበረውን የቤታችንን የእሁድ ምሳ በሸክላ ልትዘረጋው አስባለች። ለእያንዳንዳችን ሳህንና ኩባያ ሠርታለች፤ ከየሳህኑ ፊት ደግሞ ስም የተቀረጸባት ትንሽ የሸክላ ሰሌዳ ትቆማለች። የጣልያኑ አያቷ የሙሴ ብሩኖ ዕቃ ነጭ ነው፣ እጅ ሲነካው የሚያንሸራትት። የሴት አያቷ የወይዘሮ አስካለ ቀይ ነው፣ ቅብ የሌለው፣ ሻካራ። የእኔና የማርዮ ነጭና ቀይ ጭቃ አንድ ላይ ተጠማዞ የተሠራ ነው። የእኔን ሳህን አንስቼ ወደ ብርሃኑ አስጠጋሁት። ነጩና ቀዩ በሚገናኙበት ቦታ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። «አብረው አይደርቁልኝም» አለች ሊያ፤ «አንዱ ቶሎ ይሰበሰባል፣ ሌላው ይዘገያል። ስንቱ መሰለሽ የተሰነጠቀብኝ።» የምታወራው ስለ ጭቃው ይሁን ስለ እኔና ስለ ወንድሜ ወዲያው አልገባኝም ነበር።

ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ግድግዳ ላይ የለጠፈችውን ትልቅ ወረቀት አሳየችኝ። «ሰው ሁሉ ይሄን ነገር ከየት አመጣሽው ይለኛል፤ መግቢያው ላይ የምጽፈው መልሱን ነው። እጁ ከአያቴ ከሙሴ የመጣ ነው፣ አፈሩ ከሴት አያቴ። እሱ እጅ፣ እሷ አፈር። አያምርም?» ያምራል። የከፋውም ማማሩ ነው። አባቴ በሕይወቱ አንድ ድስት ሠርቶ አያውቅም። ጡብና የጣሪያ ሸክላ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የእቶን ኃላፊ ነበር፤ ሥራው እሳት መጠበቅ ነው። ሸክላ ሠሪዋ እናቴ ነበረች። ከእናቷ የተማረች፣ ጭቃውን መሬት አስቀምጣ እሷ ዙሪያውን እየዞረች በባዶ እጇ የምታቆም ሸክላ ሠሪ። ይህን ዛሬ በሕይወት ካለ ሰው የምናውቀው እኔና ማርዮ ብቻ ነን። «ያምራል» አልኳት ለሊያ።

ስመለስ ታክሲው እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ተገትሮ ቀረ፤ እኔም መስኮቱን ተደግፌ ወደ ኋላ ሄድኩ። በዚያን ጊዜ ሀና ማርያም ለእኛ ገጠር ነበር። ጀሞ ደግሞ ከሩቅ የሚታይ ተራራ እንጂ ሰው ቤት ቁጥር የሚጠራበት ሰፈር አልነበረም። መካኒሳ ያለው ቤታችን ጣሪያው አባቴ ከፋብሪካው በቅናሽ ባመጣው ቀይ ሸክላ የተከደነ ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ እንደ ጎረቤቶቻችን ቆርቆሮ አይጮኽም። በሩ ላይ የአባቴ ግራጫ ሰይቼንቶ መኪና ትቆማለች። እሁድ እሁድ አባቴ እሷን አጥቦ፣ ፀጉሩን ቅባት ቀብቶ፣ እኛን ከኋላ ጭኖ ወደ ፒያሳ ይወስደናል። በሃምሳ ሳንቲም ሲኒማ ተገብቶ፣ በስሙኒ ኬክ ተበልቶ፣ ለታክሲ የማይታሰብበት ዘመን ነው፤ አሁን በዚያ ገንዘብ ማስቲካ አይገኝም። ከፍ ስንል እኔ እጅጌ አልባ ጃፖኒ ቀሚስ ከነጭ ሳንዳል ጋር፣ ማርዮ አስፋልቱን የሚጠርግ ቦላሌ። ፀጉራችን ሳንደክምበት አፍሮ ስለሚሆን ጓደኞቻችን ይቀኑብን ነበር። ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘነበች መስኮት የሬዲዮ ዘፈን ይፈሳል፤ ለወዳጅ ዘመድ የሚመረጥ ዘፈን የሚተላለፍበት ቀን ከሆነ ግማሹ ሰፈር መስኮቷ ሥር ሥራ ይፈጥራል። ያ ሁሉ ደስ ይል ነበር፤ ውሸት አልናገርም። መንገድ ላይ ሲጠሩን ግን «የሙሴ ልጆች» ነበር የምንባለው። ሲከፋባቸው «ጣልያን»፣ ሲወዱን «የሙሴ ልጆች»። «የአስካለ ልጆች» ያለን ሰው አላስታውስም። እናቴም የምትፈልገው ይህንኑ ነበር።

የእኛ ቤት ሸክላ አይገባም ነበር። ከጣሪያው ላይ ካለው በስተቀር አንድም ሸክላ። ሰው ሁሉ ዶሮ በሸክላ ድስት ሲሠራ እናቴ በብረት ድስት ትሠራለች። ውሃ የምናስቀምጠው በበርሜል ነው፣ ቡና የሚፈላው በአባቴ የጣልያን ማፍያ ነው፣ ሳህኖቻችን ጠርዛቸው ላይ ሰማያዊ አበባ ያለባቸው የብረት ሳህኖች ናቸው። ምጣድ እንኳ አልነበረንም፤ እንጀራችን የሚጋገረው እትዬ ዘነበች ቤት ነው። ሰፈሩ ይህን በፈረንጅነታችን ተረጎመው። «አስካለ እኮ ሠልጥናለች» ይሉ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ ጓደኞቼን ቤት ስጋብዝ፣ የእነሱ ቤት ድስት ጥቁር፣ የእኛ የሚያብለጨልጭ መሆኑን ሳላሳያቸው አልቀርም። እናቴ ስለ ትውልድ አገሯ ሲጠይቋት አንድ የተዘጋጀች መልስ ነበራት፦ «አገሬ ሩቅ ነው፣ ሰዎቼ በበሽታ አልቀዋል።» አባቴን የት አገኘሽው ሲሏትም፣ ጣልያን ሱቅ ተቀጥራ ስትሠራ ነው ትላለች። እኛም ሳንጨምር ሳንቀንስ ይዘነው አደግን።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ይዛኝ ወጣች። ትምህርት ቤት ገና የገባሁ ሰሞን ነው። ሽንኩርቱንም ቅቤውንም ገዝተን፣ አቋራጭ ነው ብለን በገበያው ጠርዝ በኩል ስንወጣ ሸክላ የሚሸጡ ሴቶች ገለባ ላይ ድስትና እንስራ ደርድረው ተቀምጠዋል። ያን ዕለት ሰልፋቸው ከሌላው ጊዜ ረዝሞ መንገዱን ዘግቶታል። እናቴ እርምጃዋን አፈጠነች። ከሴቶቹ አንዷ ቀና አለች። ረጅም፣ ግንባሯ ሰፊ፣ እጇ ጠይም ሆኖ ጥፍሯ ሥር ቀይ አፈር ያለበት ሴት። ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ የፈራች ያህል፣ «አስኩ» አለች። እናቴን አስኩ የሚል ሰው ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልሰማሁም። እናቴ እጄን ስትጨብጠኝ አጥንቴ ተሰማኝ። አልዞረችም። ሰልፉ እስኪያልቅ፣ የእህል ተራው እስኪያልፍ፣ ዋናው መንገድ ላይ እስክንደርስ ዝም ብላ ተራመደች። እዚያ ስንደርስ ሳልጠይቃት ቀይ ሪባን ገዛችልኝ። ያን ሪባን በጣም ስለወደድኩት ሴትየዋን ረሳኋት።

ያስታወሰችኝ ራሷ እናቴ ናት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ። ማርዮ ሊያገባ ሽማግሌ በላከ ሰሞን ፀጉሬን እያበጠረችኝ ነበር። የልጅቱ አባት ጠንቃቃ ሰው ናቸው፣ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ ተብሎ ተወርቷል። በአባቴ በኩል ችግር አልነበረም፤ ማን ጣልያን አገር ሄዶ ይቆጥራል፤ ሙሴ አንድ ጊዜ ሲጠራ ሰባቱም ቤት በአንዴ ይሸፈናል። የቀረችው እናቴ ናት። «አንቺን ደግሞ ነገር ለማውጣት ድንገት ቢጠይቁሽ እንዳትሳሳቺ፣ እውነቱን ልወቅ ካልሽ ይሄውልሽ» ብላ ጀመረች። ሸክላ ሠሪ መሆናቸውን ነገረችኝ፤ እናቷም አያቷም። ጠይብ ይሏቸው እንደነበር፣ ቡዳ ናቸው ብሎ ሰው ልጁን እንደሚደብቅባቸው፣ ዕቃቸውን ገዝቶ ቤታቸው ግን ውሃ እንደማይጠጣ ነገረችኝ። አባቴ ለፋብሪካው የሸክላ አፈር ሲፈልግ እነሱ አገር ደርሶ ኖሯል። ከእሷ አንድ ድስት ገዛ። በሚቀጥለው ገበያ መጥቶ ሌላ ገዛ። መንደሩ ይህ ፈረንጅ ስንት ወጥ ነው የሚሠራው እያለ እስኪስቅበት ድረስ ገዛ። «አባትሽ መጀመሪያ የወደደው ድስቱን ነው፣ እኔ በኋላ ነው የመጣሁት» ብላ ሳቀች። «ለእሱ ድስት ድስት ነው፤ ሌላው አልገባውም። ከእሱ ጋር የመጣሁት ለዚህ ነው። ከእሱ የምወልዳቸው ቢሰደቡ ጣልያን ነው የሚባሉት፤ እሱ ይሻላል።» ገበያ ያየናት ሴት ማን እንደነበረች ጠየቅኳት። «እህቴ ናት፣ ታላቄ» አለች። ሌላ ልጠይቃት ስል ማበጠሪያውን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ተነሳች። ለማርዮም ከሠርጉ በኋላ ነገረችው፤ እሱም እንደ እኔ ዝም አለ።

ይህን ካወቅኩ በኋላ የልጅነቴ ነገር ሁሉ እንደገና ቦታ ቦታውን ያዘ። ዕንቁጣጣሽ ሲደርስ፣ ያቺ ሴት የሙሴን ቤት ጠይቃ አግኝታው ነው መሰለኝ፣ በራችን ላይ በገለባ የተጠቀለለ አዲስ ድስት ተቀምጦ እናገኝ ነበር። ዘበኛችን አንዲት ሴት ትታው ሄደች ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም። እናቴ ገለባውን ሳትፈታ ይዛው እትዬ ዘነበች ቤት ትገባለች፤ «ከገበያ ስመለስ አየሁልሽ፣ ጥሩ ነው» ትላታለች። እትዬ ዘነበች መርቃ አትጠግብም። በዚህ ዓይነት የእናቴ እህት ድስቶች ሁሉ በጎረቤት ቤት ተደረደሩ። ለማኅበር፣ ለክርስትና፣ ለምኑም ለምኑም ድግስ እናቴ እትዬ ዘነበች ማድቤት ገብታ ታግዛለች፤ ሽንኩርት አትልጥም፣ በርበሬ አትቀላቅልም፣ ድስት ታጥባለች። ሌሎቹ ሴቶች ሙሴ ያሞላቀቃት አስካለ የቆሸሸ ድስት መያዟን እንደ ትልቅ ትሕትና ይቆጥሩላት ነበር። ቀስ ብላ፣ ውስጡን በጣቷ እየዳበሰች፣ ሆዱን በመዳፏ እየዞረች ታጥባለች። ከጨረሰችም በኋላ ቶሎ አታስቀምጠውም። አንድ ዓመት ዕንቁጣጣሽ መጥቶ ድስቱ ሳይመጣ ቀረ። በሚቀጥለውም ቀረ። እናቴ መስከረም ሲጠባ በጠዋት ተነስታ በሩን የመክፈት ልማድ ነበራት፤ ድስቱ ከቀረም በኋላ አልተወችውም። ያኔ ሄደን እንጠይቅ ያለ ሰው በቤታችን ውስጥ አልነበረም። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አባቴ የገባው ነገር ነበር፣ ያልገባውም ነበር። አንድ ክረምት ከፋብሪካው ምርጥ ጭቃ በእርጥብ ጆንያ ጭኖ መጣ፤ ሰይቼንቶዋ ኋላዋ መሬት ሊነካ ደርሶ ነበር። በረንዳው ላይ አውርዶ፣ እጁን እያሻሸ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «አስካለ፣ አንቺ መሥራት፣ እኔ ማቃጠል። ሁለት ሰው፣ አንድ ፋብሪካ» አላት። ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር። እናቴ የግቢውን በር አየች፣ መስኮቱን አየች፣ እኛን አየች። ከዚያ ጆንያውን እየጎተተች ወስዳ ጽጌረዳው ሥር ደፋችው። እኛ ፊት ሲጣሉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አባቴ በጣልያንኛ ይናገራል፣ እሷ በአማርኛ ትመልሳለች፣ አንዳቸው ሌላቸውን የሚሰሙ አይመስሉም። «ልጆቼን አየሃቸው? ልጆቼን አይተሃቸዋል?» ስትል ብቻ ሰማኋት። ጽጌረዳው አፈሩ ከብዶት ደረቀ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ጭቃ አላመጣም፤ ሲያረጅ ግን አንዳንዴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የእናቴን እጆች ሲያይ አገኘው ነበር። ያልተሠራ ሥራ የሚያይ ሰው አስተያየት ነበር። ሁለቱም ጭቃ የሚያውቁ ሰዎች ሆነው አንድ ቤት ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን አንድ ስኒ እንኳ አብረው ሳይሠሩ አለፉ። በዚህ አዝናለሁ። ከጣልያንነቱም ከሐበሻነቱም በላይ በዚህ አዝናለሁ።

እናቴ ያረፈችው አባቴ ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፣ በማርዮ ቤት። በመጨረሻ መናገር ስትተው እጆቿ ሥራ ጀመሩ። የብርድ ልብሱን ጫፍ ይይዙና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል እያሳለፉ፣ እየጫኑ፣ ወደ ራሳቸው እየሳቡ ዙሪያውን ይሄዳሉ። ጠያቂዎች ጣር ነው አሉ። ማርዮ ሊያሳርፋት ብሎ እጆቿን በሁለት እጁ ያዛቸው። ሲለቃት እንደገና ትጀምራለች። የምትሠራው የድስት ከንፈር መሆኑን እኔ አወቅኩ፤ ማርዮም አውቋል፤ ተያይተን ዓይናችንን መለስን።

ታዲያ ሊያ ግድግዳዋ ላይ ልትጽፍ ያሰበችውን ካየሁ በኋላ ለማርዮ ደወልኩለት። «ሊያ ሸክላው ከአባባ ነው የመጣው ብላ ልትጽፍ ነው» አልኩት። «ይሁና፣ እታለም፤ አባባም እኮ ሸክላ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሠራው» አለኝ። «እማማስ?» አልኩት። «የልጅቱ ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ነው። የዳዊት ቤተሰቦች ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ግን ዘመድ ብዙ ነው፤ ማን ምን እንደሚል አይታወቅም። ከሠርጉ በኋላ ትነግሪያታለሽ።» ኤግዚቢሽኑ ከሠርጉ በፊት መሆኑን ነገርኩት። «እማማ ራሷ የዘጋችውን በር እኛ ማን ነን የምንከፍተው?» አለ፤ ድምፁ አልተቆጣም፣ ደከመው እንጂ። በሩን የዘጋችው ለእኛ ነው። ለሊያም ነው። ግን ሊያ በዚያ በር ፊት ቆማ፣ ግድግዳ መስሏት፣ ሥዕል ልትሰቅልበት ነው።

በማግስቱ መካኒሳ አቦ ሄድኩ። የእኛ ቤት ከፈረሰ ቆይቷል፤ ቦታው ላይ ታች ፋርማሲ፣ ላይ ስፖርት ቤት ያለበት ሕንፃ ቆሟል፣ ከላይ መሬት ላይ የሚወድቅ የክብደት ብረት ድምፅ ይሰማል። የእትዬ ዘነበች ቤት ግን ከኋላው እንዳለ አለ፤ ልጇ ሙሉ ትኖርበታለች። ከእነዚያ ድስቶች የቀረ አለ ወይ ብዬ ብጠይቃት ተነስታ ከመደርደሪያ ላይ አንዱን አወረደች። ጥቁር፣ ሆዱ ሰፊ፣ ከንፈሩ ቀጭን። «ሌሎቹ ተሰባብረው አለቁ። ይሄ ግን የእትዬ አስካለ ስጦታ ነው፤ እማዬ ስትሞት እንኳ አደራ ብላኛለች። እትዬ ፍራንካ ሙች፣ የበዓል ዶሮ ያለ እሱ አይሆንልኝም» አለችኝ። ለኤግዚቢሽን መሆኑን ነግሬ ለመንኳት። ጾም በመሆኑ ድስቱ ሥራ ፈትቶ ስለነበር ተስማማች፤ ግን ለፋሲካ ዋዜማ እንድመልስ ሁለት ጊዜ አስማለችኝ። በነጠላዬ ጠቅልዬ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ያዝኩት። ረዳቱ «ማዘር፣ ሕፃኑ አይከፍልም» ብሎ ቀለደብኝ። ሳቅኩ፤ ከዚያ መንገዱን በሙሉ ነጠላውን አልገለጥኩትም።

ሊያ ድስቱን ተቀበለችኝ። ገለበጠችው፣ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው፣ እጇን ወደ ውስጥ አስገብታ ዙሪያውን ዳበሰችው፤ እናቴ ስታጥብ እንደምታደርገው። «ይሄን ቅጥነት በእጅ ብቻ?» አለች። «ማን ነው የሠራው?» «የአያትሽ እህት» አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፣ ገበያውን፣ በር ላይ የሚቀመጠውን ድስት፣ ጽጌረዳውን፣ የብርድ ልብሱን ጫፍ። ስነግራት መጀመሪያ ቆማ ነበር፤ በኋላ የጭቃ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። የምታቅፈኝ መስሎኝ ነበር። ተቆጣች። «እኔ በስልክ ቪዲዮ እያየሁ ሰው አገር ሰውዬ ነው ያስተማረኝ፤ አንቺ እያየሽኝ፣ አባዬ እያየኝ» አለች። «እንዳይሰድቡሽ ብለን ነው» አልኳት። «ማን?» አለችኝ። ብዙ ሰው አውቅ ነበር፤ አብዛኞቹ ሞተዋል።

የእጇን ጭቃ እየፈቀፈቀች፣ «ልጅ ሆኜ ግቢ ውስጥ በጭቃ ስጫወት አያቴ እጄን ትመታኝ ነበር፤ ሌላ ነገር ሳጠፋ አትነካኝም። ጭቃ የምትጠላ ነው የሚመስለኝ» አለች። «አትጠላም ነበር» አልኳት። ሁለታችንም አለቀስን፣ ብዙ አይደለም። ሊያ ፊቷን በክንዷ ስትጠርገው ጉንጯ ላይ ነጭ ጭቃ ቀረ። «ለዳዊት እኔ ነኝ የምነግረው። አባዬንም እኔ አናግረዋለሁ» አለች። ተነስታ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ቀስ ብላ አነሳችው፤ አጣጥፋ እቶኑ ሥር ወረወረችው። በምትኩ ምን ልትጽፍ እንዳሰበች አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ጠረጴዛዋን እንደገና ደረደረች። ለእናቴ የሠራችውን ሻካራ ቀይ ሳህን ወደ መሃል አመጣችና ጎኑ ላይ ጥቁሩን ድስት አስቀመጠች። ትንሽ ራቅ ብላ አየችው። የተቀመጠበት ቦታ ልክ ነበር፤ ከዚያ በፊት ጠረጴዛው የጎደለው አይመስልም ነበር፣ አሁን ግን ሳህኖቻችን ሁሉ ወደ እሱ የቀረቡ መሰሉኝ። «ለአያቴ እህትም ሰሌዳ ያስፈልጋታል» ብላ እርጥብ ጭቃ ቆርጣ ዳመጠች፣ ጠርዙን አስተካከለች፣ የሾለች እንጨቷን አነሳች። የአባቴ ስም አለ፣ የእናቴ አለ፣ የእኔና የማርዮ አለ። ሊያ እንጨቷን ጭቃው ላይ አስጠግታ ሳታየኝ ጠየቀችኝ። «ስሟ ማን ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ሰፊ ግንባሯን አውቀዋለሁ። ጥፍሯ ሥር ያለውን አፈር አውቀዋለሁ። እናቴን በምን ስም እንደጠራቻት አውቃለሁ። እሷን ግን ሲጠራት የሰማሁት ሰው የለም፤ እኔ ፊት ልትጠራት የምትችለው አንዲት ሰው እጄን ጨብጣ አልፋት ሄደች። ማበጠሪያው ጭኔ ላይ በነበረ ጊዜ ልጠይቅ እችል ነበር። ከዚያም በኋላ እናቴ ስንት ዓመት አጠገቤ ኖራለች።

ሊያ ቀና ብላ ጠበቀችኝ። ጭቃው ከዳር ዳር መድረቅ ጀምሯል።

«አላውቀውም፣ ልጄ» አልኳት።